ፀሐይ የት ከተማ ጠለቀች

ሰፈሩ በሙሉ «መባቻ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ባንክ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት አዲስ ወር በገባ ቁጥር ለምኩራቡ ሰዎች ሁሉ በስልክ መልእክት ስለሚልክ ነው፤ የወሩን ስም፣ የሚገባበትን ምሽት፣ ከግርጌው ደግሞ «ለጥርጣሬ ቦታ የለም» የምትል ዐረፍተ ነገር። ይህችን የመጨረሻዋን ማንም አላዘዘውም። ራሱ ነው የጨመራት፣ እንደ ቅመም።

ሥራው የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራርነት ነው። ፍርድ ቤት ሲባል ዓምድና ሰፊ ደረጃ ያለው ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። መነጽር መሸጫ ሱቅ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ቁም ሣጥን፣ እንደ ታመመ ንብ የሚያጉረመርም ነጭ አምፖል። መስኮት የለውም። ከላይ የሰው ዓይን ሲያጠሩ ይውላሉ፣ ከታች ያለው ቀን ይሁን ሌሊት አያውቅም።

ኮምፒውተሩም የመጣው ለዚሁ ነው። የአይሁድ ቀን አቆጣጠር እንደ ግድግዳ ካላንደር አይደለም። ወሩ በጨረቃ ይሄዳል፤ ዓመቱ ከፀሐይ ጋር እንዳይጣላ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይደገማል፤ ቀኑ ደግሞ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ድሮ ይህን ሁሉ በጣታቸው የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሞቱ። አሁን ድረ ገጽ አለ። የመንግሥትን ቀን ታጎርሰዋለህ፣ የአይሁዱን ይተፋልሃል። ከሥሩ አንዲት ባዶ ሣጥን ትታያለች፦ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው?» መባቻ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ይህችን ሣጥን ነው። አንዳንድ ቀን ቅደም ተከተሉም ይፋለሳል።

«ልጄ፣ የባለቤቴ መታሰቢያ ዘንድሮ መቼ ይውላል?» ይለዋል ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ።

«ያረፉት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ወይስ ከጠለቀች በኋላ፣ አባባ?»

«ኧረ እኔ እሷን እያየሁ ነበር። ፀሐይን ማን አየ።»

«እንደሱ አይሆንም፣ አባባ። ገጹ አይቀበልም። ወይ ምልክት አደርጋለሁ ወይ አላደርግም።»

ሽማግሌው እዚያው ቆሞ የሚስቱን የመጨረሻ ትንፋሽ ከመጋረጃው ብርሃን ጋር ለማስታረቅ ይታገላል። መባቻ ጣቱን የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ትክክል መሆን የሚያሰክረው ሰው ነው፤ ሌላው በመጠጥ እንደሚሰክረው።

የሚስቱ ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ከመጋረጃ እስከ ሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ለሌላ ሰው ነው እንግዲህ። ባሏ ጥሏት ከሄደ የጎረቤት ሕፃናት ጢም አብቅለዋል። በሕጋቸው ባል የፍቺውን ወረቀት በገዛ ፈቃዱ አስጽፎ፣ በምስክር ፊት እጇ ላይ ካላኖረላት፣ እሱ ባሕር ማዶ ሌላ ሴት ጋ ቢያንኮራፋም እሷ ሚስቱ ናት። ዳኛ ሊፈታት አይችልም። ሰማይም አይፈታትም። ባልየው ደግሞ በተጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ ብቻ ነበረው፦ «ነገ እሰጣታለሁ።» በዚህ ምክንያት ሰፈሩ «አቶ ነገ» ብሎ አጠመቀው።

በመካከሉ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። የማእድ ቤቷን ቧንቧ ሊጠግን ነበር የመጣው፤ ጠግኖም መምጣቱን አላቆመም። ጨዋ ሰው ነው፤ ከበሩ አያልፍም፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንዴት ነው፣ ያንጠባጥባል?» ይላል። «አያንጠባጥብም» ትለዋለች። «እስቲ ነገ ደግሞ ልየው።» እሱ «ነገ» ሲላት ደስ ይላታል። ግን አርባ ልትደፍን ነው፤ ልጅ ትፈልጋለች፤ እሱም ይፈልጋል። ያች ወረቀት ሳትመጣ ከደጃፉ ወዲህ አንድ እርምጃ የለም።

መጨረሻ ላይ አቶ ነገን ያንበረከከችው የገዛ እናቱ ናት። ልቧ የደከመ፣ ምላሷ ያልደከመ አሮጊት ናት። ደውላ፣ «ይችን ልጅ ሳትፈታ ብሞት ሬሳዬን እንዳትነካ። ቀብሬ ላይ ብትቆም አፈሩ ይፍረድብህ» አለችው። ሰውየው እግዚአብሔርን አይፈራም፣ የናቱን እርግማን ግን ይፈራል። በአውቶቡስ ሲያልፍ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ሊሰጣት፣ ማታውኑ ወደ ድንበር በሚሄደው አውቶቡስ ሊቀጥል ተስማማ። ቀኑም ደረሰ።

ምድር ቤቱ ሞላ። ሦስት ዳኞች፣ ቁም ጸሐፊው ከነብዕሩ፣ ለምስክርነት የተጠሩት ዳቦ ጋጋሪና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጥግ ላይ አሮጊቷ ወንበር ላይ እንደ ዘበኛ፣ ትይዩዋ ልብስ ሰፊዋ። መባቻ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ኮምፒውተሩ አጠገብ ስልኩን፣ ስልኩ አጠገብ ሌላ ስልክ አስቀመጠ።

ነገሩን ያዘገየው የባልየው ስም ነው። በፍቺ ወረቀት ላይ ሰውየው የሚታወቅበት ስም ሁሉ መጻፍ አለበት፤ አንዱ ከቀረ ወረቀቱ ሌላ ሰው የፈታ ሊመስል ይችላል።

«ሌላ ሰው የሚጠራህ ስም አለ?» አለ ትልቁ ዳኛ።

«ሥራ ቦታ ሻምበል ይሉኛል።»

«ወታደር ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ጻፍ» አለ ዳኛው ለቁም ጸሐፊው። «ሌላስ?»

«ወደቡ ጋ ዶክተር ይሉኛል።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳል የመሰለ ነገር አወጣ። «በሽተኛው ማን ይሆን» አለ በለሆሳስ።

«አቶ ነገስ?» አለች አሮጊቷ ከጥጓ። «እሱን ለምን ትደብቃለህ? ዓለም የሚያውቅህ በሱ አይደል?»

ዳኞቹ ተያዩ። ስድብ እንደ ስም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ግራ ቀኝ ተከራከሩ፤ መጽሐፍ ወረደ፤ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ጠራ። ቁም ጸሐፊው በዚህ መካከል አንድ ፊደል ላይ ቀለም አፈሰሰና ገጹን አጣጥፎ ከአዲስ ጀመረ። ባልየው ሰዓቱን ያያል። አሮጊቷ እሱን ታያለች። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ ተነሥታ ወጣች፤ መጸዳጃው ከላይ፣ ከሱቁ ጀርባ ነው። ስትመለስ መሐረቧን እያጠፈች ነበር፤ ቁጭ ብላም ማጠፏን አላቆመችም።

ጸሐፊው የመጀመሪያውን መስመር፣ ቀኑን የሚይዘውን፣ እንደ ጨረሰ ትልቁ ዳኛ ራሱን ቀና አደረገ።

«መባቻ፣ ፀሐይ እንዴት ናት? ከጠለቀች ዛሬን ዛሬ ብለን መጻፍ አንችልም። ያለፈ ቀን የያዘ ፍቺ ፍቺ አይደለም።»

ባልየው ቦርሳውን አነሣ። «ለነገ የሚባል ነገር ካለ እኔ አውቶቡስ አለብኝ። ነገ ተመልሼ—»

«ቁጭ በል» አለች እናቱ።

መባቻ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አላየም። ሲጠየቅ እንዲህ ቶሎ አለማየት ልማዱ ነው፤ ክብር አለው። ከዚያ ዓይኑን ጣል አደረገ። ገጹ የፀሐይ መጥለቂያዋን ሰዓት በትልቁ አስቀምጧል፤ የግድግዳው ሰዓት ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ገና ናት፣ ረቢ። ከሠላሳ ደቂቃ በላይ አለን።»

«አንድ ሰው ወጥቶ ሰማዩን ቢያይስ?»

መባቻ እንደ ተሰደበ ሰው ፈገግ አለ። «ረቢ፣ ውጭ ያለው ሕንፃ ነው። ሕንፃ ፀሐይን ቀድሞ ይውጣታል፣ ዓይንም ይታለላል። ይኼ ከሳተላይት ነው የሚመጣው። ለጥርጣሬ ቦታ የለም።»

ዳኛው አንገቱን ነቀነቀ። አርጅቷል፤ ደረጃው ይከብደዋል፤ ሳተላይት የሚል ቃልም ሰውን ዝም የማሰኘት ኃይል አለው። ጸሐፊው ጻፈ፣ ምስክሮቹ ፈረሙ፣ ወረቀቱ ተነበበ። ልብስ ሰፊዋ መዳፎቿን አንድ ላይ ገጥማ ዘረጋች። ባልየው የሚጠበቅበትን ቃል እንደ መድኃኒት እየመረረው አለና ወረቀቱን መዳፏ ላይ ጣለው። እሷም ያዘችው፤ እንደ ሥርዓቱ ወደ በሩ ጥቂት ተራምዳ ተመለሰች። ዳኛው ከእጇ ተቀብሎ ጫፉን በመቀስ ቆረጠና ቁም ሣጥኑ ውስጥ አኖረው።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው የተፈቀድሽ ነሽ።»

አሮጊቷ ተነሥታ የቀድሞ ምራቷን ግንባር ሳመች። ከዚያ ልጇን በእጅጌው ይዛ፣ እንደ ተያዘ ሌባ እየመራች ወጣች።

መባቻ ዳኞቹ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ፤ የብረት በሩን ሊይዝላቸው ነው። ከፈተው። ውጭው ጨልሟል።

ምሽት አይደለም ያየው፤ ጨለማ ነው። የመንገዱ መብራቶች በርተዋል፣ የመነጽር ሱቁ መዝጊያ ወርዷል፣ ከሕንፃዎቹ መካከል በምትታየው ቁራጭ ሰማይ ላይ ከዋክብት ዓይናቸውን ያርገበግባሉ። ደረጃው አናት ላይ ድርቅ ብሎ ቆመ። ስልኩን አወጣ። ገጹ አሁንም ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃ እንደ ቀራት ይናገራል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጹ አናት ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበበ። የከተማ ስም ነው። እግሩ ረግጦት የማያውቅ፣ ወደ ምዕራብ ርቆ ያለ፣ ፀሐይ ዘግይታ የምትደርስበት ከተማ።

ነገሩን ለመረዳት ብዙ አልፈጀበትም። ትናንት ማታ እዚህ የማይተላለፍ ኳስ ለማየት ቪፒኤን ከፍቶ ነበር፤ ቤቱ ወስዶት የነበረውን ኮምፒውተርም ሁለቱን ስልኮቹንም ሌላ አገር ያሉ አስመስሎ። ኳሱ አለቀ፣ ቡድኑ ተሸነፈ፣ ተናዶ ተኛ። ማጥፋቱን ረሳ። ድረ ገጹ ምስኪን ምን ያድርግ፤ ያለህበት ነው ባልከው ከተማ ፀሐይዋን ቆጠረለት። ሁለቱም ስልክ፣ ኮምፒውተሩም፣ ሦስቱ ምስክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተስማምተው ዋሹ።

ከመንገዱ ማዶ አቶ ነገና እናቱ ታክሲ ይጠብቃሉ። አሮጊቷ እጅጌውን አልለቀቀችም። እርግማኗ ገና ከሰውየው ትከሻ አልወረደም፤ አሁን አንድ ጩኸት፣ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ተሳስተናል» ቢባል፣ አጠገቧ አሳድራ ጠዋት በጆሮው ጎትታ ታመጣው ነበር።

መባቻ አፉን ከፈተ። ከዚያ «እስቲ መጀመሪያ ላረጋግጥ» አለ ለራሱ።

ቪፒኤኑን ዘጋና የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና ጫነው። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ቆይቷል። ሁለተኛውን ከፈተ። ይኼኛው ምርጫ ይሰጣል፤ ሌሊቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ነው የሚሉም አሉ። የኋለኛዎቹን መረጠ። አለፈ። እነሱ መካከል ደግሞ ትልልቅ ከዋክብት የሚሉና ትንንሽ የሚሉ አሉ፤ ትንንሾቹን መረጠ። አልበቃም። ሦስተኛው አፕ ከባሕር ጠለል በላይ ያለን ከፍታ ይጠይቃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ፀሐይ ትቆያለችና። መባቻ ከተማዋን በጣቱ ገፍቶ ተራራ ላይ አወጣት። ጥቂት ደቂቃ አገኘ። ተራራውን ጨመረ። ከተማዋ ደመና ላይ ወጣች፣ ሰው መተንፈስ የማይችልበት ደረሰች። ፀሐይ አሁንም ጠልቃለች።

ቀና ሲል ከመንገዱ ማዶ ማንም የለም። የታክሲዋ የኋላ መብራት መታጠፊያው ጋ ደርሷል።

«ምነው፣ መባቻ?» አለ ትልቁ ዳኛ ደረጃውን እያቃሰተ ሲወጣ። ሰማዩን አላየም፤ አንገቱ ቀና አይልም። «ደክሞሃል መሰለኝ። ጥሩ ሥራ ነው የሠራነው ዛሬ።»

«አዎ፣ ረቢ» አለ መባቻ። ከዚያ በኋላ መልሶ ሊውጣት የተመኘው ቃል ያቺ «አዎ» ናት።

ቤቱ ሲደርስ ሳቅ ከበሩ ወጥቶ ተቀበለው። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ጋ ራት ልትበላ መጥታ በሁለት ጉንጯ ትበላለች፤ ስትስቅ ክፍት አፏን በእጇ መከለል ረስታለች። ቧንቧ ሠራተኛው ደውሎ ነበር አሉ። ምን አለ? «ያንጠባጥባል ወይ» አለ አሉ። ሁለቱ እህትማማቾች በዚህ እንደ ሕፃን ተንፈራፈሩ።

መባቻ ሲቀመጥ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ከሁሉ በፊት ለሱ አቀረበችለት። ጎንበስ ብላም ትከሻውን ሳመችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያደረግክልኝን አልረሳም» አለች ቀስ ብላ፣ እህቷ በማትሰማበት ድምፅ። ዓይኑ ውስጥ አየችው፤ ለምስጋና ከሚያስፈልገው በላይ ቆይታ አየችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ምግቡን ሳይነካ ውሃውን ጠጣ።

«ምነው አትበላም?» አለች ሚስቱ። «ቡድንህ መሸነፉ ነው?»

«እሱ ነው» አለ።

እንቅልፍ እምቢ አለው። ዝም ቢልስ? ማን ያውቃል? ዳኛው አያውቅም፣ መጽሐፍ አይናገርም፣ ሳተላይትም አይከስም። ግን ልጅ ትወልዳለች፤ ፍቺው ከንቱ ከሆነ ልጁ በሕጋቸው የዝሙት ልጅ ነው፣ ከወገኑ ማግባት አይፈቀድለትም። ልጁ ያድጋል፤ አንድ ቀን የሚያገባበት ጊዜ ይመጣል፤ አንድ ሌላ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሌላ መባቻ የናቱን የፍቺ ቀን ከሰዓቱ ጋር ያመሳክራል። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌን በሚስቱ ሞት ላይ ቆሞ ስለ ፀሐይ የሚጠይቅ ሰው ሕፃንንም አይምርም።

ጠዋት ለትልቁ ዳኛ ነገረው። ዳኛው አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዋክብት ሳይወጡ ያለችዋ ጊዜ ብትሆን መላ እንፈልግላት ነበር። ከዋክብት ወጥተው ነበር?»

«ወጥተው ነበር፣ ረቢ።»

«ስንት?»

«ብዙ።»

ሦስቱም ዳኞች መጽሐፍ ላይ ተደፉ። አንዱ መላ ያገኘ መሰለው፤ ሌላው አፈረሰው። ያፈረሰው ራሱ በበኩሉ አንድ አገኘ፣ እሱም ፈረሰ። ሲሰለቹ ለባልየው ደወሉ፣ ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አድርገው። ከድንበሩ ወዲያ ሆኖ አነሣው፤ ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ምን ሆናችሁ?»

ዳኛው አስረዳው። ቀስ ብሎ፣ ጥፋቱ የኛ ነው እያለ፣ አንተን የሚነካ ነገር የለም እያለ፣ ባለህበት ከተማ ዳኛ አለ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ ብትል እያለ።

«እማማ ስጥ አለችኝ፣ ሰጠሁ» አለ ባልየው። «ሦስት ዳኛ ፊት እጇ ላይ ጣልኩላት። እርግማኗን ከላዬ አወረድኩ። አሁን ደግሞ ፀሐይ ምናምን ትሉኛላችሁ። ፀሐይንም እኔ ነኝ ያጠለቅኳት?»

«ልጄ፣ የሴትዮዋን ሕይወት አስብ።»

«እሺ፣ አስባለሁ። ነገ ደውሉልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም።

ለአሮጊቷም ተነገራት። ትንፋሿ በስልኩ ውስጥ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። «እኔ አንድ ሞት ነው ያለኝ፣ ልጆቼ» አለች በመጨረሻ። «እሱን አስፈራርቼበት ጨረስኩት። ሁለተኛ አያምነኝም።»

ትልቁ ዳኛ ስልኩን ዘጋና ወደ መባቻ ዞረ።

«ሂድና ንገራት። እኔ እነግራት ነበር፤ ግን ፀሐይ ገና ናት ያልከው አንተ ነህ።»

ልብስ ሰፊዋ ስፌት ቤቷ ነበረች፤ ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነች አንድ ክፍል ናት፣ ሰፊ መስኮት ያላት፤ የሆቴል መጋረጃ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ተከምሮ መኪናው ላይ ትገፋለች። ሲገባ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ እግሯ ግን አላቆመም።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። ያንን አንሣና ቁጭ በል፤ መርፌ እንዳይወጋህ።»

ቆሞ ነገራት። ስለ ኳሱም፣ ስለ ከተማውም፣ ስለ ከዋክብቱም። ስለ ታክሲዋ አልተናገረም። ከዚያ ስለ ታክሲዋም ተናገረ፣ ከጀመረ ወዲያ ማቆሚያ አጣ። ከነተራራው ተናገረ። የስፌት መኪናው የቆመው ገና ከንግግሩ ሲሶ ላይ ነው።

መጋረጃውን በመዳፏ አስተካከለች፤ የተጨማደደ ነገር ግን አልነበረበትም።

«ጨልሞ እንደነበር እኔም አይቼ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ስወጣ አየሁ። መብራቱ በርቷል፣ ከዋክብት ወጥተዋል። ተመልሼ ከተቀመጥኩ በኋላ አንተ ገና ናት ስትል ሰማሁህ። እንዲያ ኮስተር ብለህ። ሳተላይት ምናምን እያልክ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው ያስፈራው። «አውቀህ ያደረግከው መስሎኝ ነበር። ለኔ ስትል። እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ሰው፣ ሰውን በደቂቃ የሚያስለቅስ ሰው፣ ለኔ ብሎ ፀሐይን አቆመልኝ አልኩ። ስመርቅህ አደርኩ፣ ጋሼ።»

መባቻ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ይመስል እጆቹን ያይ ጀመር።

«አውቀህ ዋሽተህልኝ ቢሆን ኖሮ እሸከመው ነበር» አለች። «ሁለታችን እንሸከመው ነበር። አንተ ግን ተሳስተህ ነው። ተሳስተህ ደግሞ ጠዋት ተነሥተህ ሮጠህ ተናገርክ፣ ትክክል ለመሆን።»

«ልጅ ብትወልጂ... ነገ ልጁ ላይ—»

«የቱ ልጅ?» አለች።

ስልኳ ጨርቁ ሥር ጮኸ። ፈልጋ አወጣችው። ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ከኋላው ውሃ በኃይል ሲፈስና ሰው ሲጮህ ይሰማል፣ የሆነ ቤት እየሰመጠ ነው።

«ሰላም ነው? አሁን እዚህ ጨርሼ ልምጣ? ዛሬ ከደጃፉ አልፋለሁ ብዬ ጫማዬን ጠርጌያለሁ፣ ሰዎቹ ግን አሁን ውሃ ሞሉብኝ» አለ እየሳቀ።

«ዛሬ አትምጣ» አለችው።

«ምነው? እሺ፣ ነገ?»

«ነገም አይሆንም።»

ውሃው ብቻ ፈሰሰ። «መቼ ነው ታዲያ የምመጣው?»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ በተከመረው መጋረጃ ላይ አሻግራ ለመባቻ ዘረጋችለት። ክንዷ አልታጠፈም። እስኪቀበላት ድረስ እንደዘረጋች ቆየች፤ ሲቀበላት ፊቷን ወደ መኪናው መልሳ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ሞከረች። አልገባላትም። ጫፉን በምላሷ አርሳ እንደገና ሞከረች።

«ሄሎ?» ይላል ስልኩ። «አለሽ? ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

መባቻ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። የሚነግረው ቀን አልነበረውም።